ወደ ባሕር ማዶ ለአንድ ቀን

የባለቤቴ አባት ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ኬንሲንግተን ያለው ቤታችን ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከባቡሩ ሐዲድና ከመጋዘኖቹ ጣሪያ ባሻገር የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ኮንቴይነሮቹን ለይተው አያዩአቸውም፤ ክሬኑ ሲንቀሳቀስ ግን አያመልጣቸውም። «ዛሬ ሥራ አለ» ይላሉ። ወይም «ነፋሱ በርትቷል መሰለኝ፣ አቁመዋል» ይላሉ። ማን እንዲሰማቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ይላሉ።

ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሹፌር ናቸው። አሰብ ክፍት በነበረበት ዘመን፣ ተሳቢ እየጎተቱ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ኖረዋል። ሚስታቸው ሲያርፉ ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ ብቻቸውን አይሆኑም ብሎ ወደ ሜልበርን አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ አብረን ነን። እኔና እሳቸው ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ችግሩ፣ ደግ ቃልም ብዙ ተነጋግረን አናውቅም። «ምን ላቅርብልዎ አባባ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ በቃኝ» ይላሉ። ባለቤቴ ቤት ካለ በእሱ በኩል እናወራለን። ከሌለ ቴሌቪዥኑ ያወራልናል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ስንበላ፣ ሁለተኛ ክፍል የሆነችው ልጃችን አያቷን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«በመርከብ ሄደው ያውቃሉ ወይ ነው የምትልዎ» አልኳቸው።

«መርከብ?» አሉና ጉርሻቸውን ዋጡ። «ለመርከብ ጭኛለሁ። ከመርከብ አራግፌያለሁ። ራሴ ተጭኜ ግን አላውቅም።»

ልጄ ስተረጉምላት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሳህን ሳጥብ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ያን ያህል ዘመን መርከብ ሥር ቆሞ ወረፋ የጠበቀ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ መሰላሉን አልወጣም።

እኔ በዚያ ሰሞን ገና መንጃ ፈቃድ ማውጣቴ ነበር። ሁለቴ ወድቄ ነው ያለፍኩት። ከፉትስክሬይ ገበያ አልፌ ነድቼ አላውቅም። የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ፣ መኪና የሚጭን ጀልባ ከኩዊንስክሊፍ ተነስቶ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ሶሬንቶ እንደሚደርስ፣ ደርሶ መልሱም በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ሰኞ ማታ እራት ላይ አነሳሁት።

«እኔ ቅዳሜ ሺፍት አለኝ» አለ ባለቤቴ።

«እኔ እነዳለሁ።»

ባለቤቴ አባቱን አየ፤ አባቱ እኔን አዩ።

«መኪናዋም መርከቡ ላይ ትወጣለች?» አሉ።

«ከነመኪናችን ነው አባባ።»

«ታዲያ ባሕር ማዶ ልንሄድ ነዋ!»

ባለቤቴ ሊያስረዳ ሞከረ። «ባሕር ማዶ አይባልም አባባ፤ ያው ቪክቶሪያ ነው። በመኪና ዞሮም ይደረሳል።»

«ባሕር ይሻገራል?»

«ይሻገራል።»

«እንግዲያ ባሕር ማዶ ነው» ብለው ውኃቸውን ጠጡ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የጉዞው ስም እሱ ሆነ። እኔም እዚያው ስልኬን አውጥቼ ቲኬቱን ቡክ አደረግሁ። ልጄ ደግሞ በማግስቱ ለአስተማሪዋ «ኦቨርሲስ»፣ ማለትም ውጭ አገር፣ ልንሄድ ነው ብላ ነገረች፤ አስተማሪዋ ደውላ ልጅቷ ስንት ሳምንት ከትምህርት እንደምትቀር ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄደን ቅዳሜ ማታ እንደምንመለስ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ዝግጅቱ የተጀመረው በመኪናዋ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ አባባ ኮታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ይጠብቁኝ ነበር። መኪና ማቆሚያው ድረስ አብረን ወረድን።

«ኮፈኑን ክፈቺልኝ።»

ኮፈኑ በምን እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። እስካገኘው ቆመው ጠበቁኝ። ሲከፈት ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ውኃውን አዩ። ቀበቶዋን ጫን ጫን አደረጓት። ዓይናቸው ያላገዛቸውን በጣታቸው ነበር የሚያዩት።

«ስኮርታውስ?»

መኪናችን ትርፍ ጎማ ይኑራት አይኑራት ጠይቄ አላውቅም። ከዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ሥር አገኘነው፤ ነፋሱ ወጥቶ ሟሽሾ ተኝቷል። ማደያ ወስደን ነፋስ አስሞላነው። አለቀ ብዬ ስመለስ፣

«በይ አሁን ቀይሪ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጎማውን። አውልቀሽ ግጠሚ።»

«አባባ፣ ጎማ ቢፈነዳ የሚደወልበት ቁጥር እኮ አለን።»

«ስልኩ እንቢ ቢልስ? እኔ ሚሌ በረሃ ላይ ማን ጋ ደውዬ ነው?»

«እኛ የምንሄደው በጂሎንግ መንገድ ነው።»

«ጎማ አገር አይመርጥም» አሉኝና ክሪኩን እጄ ላይ አኖሩት።

እንግዲህ በዚያ ሁሉ በረንዳ ፊት፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ። ቡሎኑ አልላላ አለኝ። «በክንድሽ አይደለም፣ በእግርሽ ርገጪው» አሉ። ረገጥኩት፤ ሲጥ ብሎ ዞረ። የደስታዬን ነገር! ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከግቢው የሚያመልጣቸው ነገር የለም፣ በነጠላ ጫማቸው ወጥተው መጡ።

«ጋሼ፣ ምን አድርጋ ነው ምራትዎን እንዲህ የሚያለፏት?»

«ባሕር ማዶ ልትወስደኝ ነው!» አሉ አባባ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ኩራት ይሁን ቀልድ አልለየሁም።

እትዬ ገብተው ሎሚ ይዘው ተመለሱ። ባሕር ያጥወለውላል፣ እያሸተታችሁ ሂዱ አሉን። እኔ በግራሶ የጠቆረ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

ረቡዕ ማታ የልጄን የምሳ ዕቃ ሳዘጋጅ አባባ ወጥ ቤት ገቡ። ወጥ ቤት የመግባት ልማድ የላቸውም። ትንሽ ቆሙና፣

«መረቡ ጠንካራ ነው ወይ?» አሉኝ።

«የምን መረብ?»

«መኪናዋን የሚያነሱበት።»

ያኔ ነው የገባኝ። እሳቸው አሰብ ላይ ያዩት መኪና በመረብ ተጠፍሮ፣ በክሬን ተንጠልጥሎ፣ እየተወዛወዘ ነበር ከመርከብ የሚወርደው። አንዴ ገመድ ተበጥሶ አንዲት አዲስ መኪና ከሰማይ ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ስትፈርጥ በዓይናቸው አይተዋል። እና ከሰኞ ጀምሮ፣ እኔና የልጅ ልጃቸው መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጥን እንዲሁ በአየር ላይ እንንጠለጠላለን ብለው አስበው ነበር። አስበውም እሄዳለሁ ብለዋል። በስኮርታው ያን ያህል የጠነከሩብኝ ለምን እንደሆነ በዚህ ተረዳሁ፤ ሊያዝዙበት የሚችሉት እሱ ብቻ ነበር።

ስልኬ ላይ ቪዲዮ ፈልጌ አሳየኋቸው። ጀልባው ፊቱን ከፍቶ ይቆማል፤ መኪኖቹ በራሳቸው ጎማ ይገባሉ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ደግመው ደጋግመው አዩት።

«ወይ ጉድ! ዮናስን እንደዋጠው ዓሣ ነው እኮ።» ከዚያ የአነዳድ ጭንቀት ያዛቸው። «መግቢያው ግን ዳገት አለው። ዳገት ላይ አቁመሽ ተነስተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ መልስ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ሄድን፤ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። አባባ አናቱ ላይ ቆሙና የመርከብ ሠራተኛ ሆኑ። ሁለት እጃቸውን ወደ ደረታቸው እየሳቡ «ነይ… ነይ… ነይ… ቁሚ!» ይላሉ። ስቆም መዳፋቸውን ዘርግተው ያቆዩኛል፤ ከዚያ «ነይ»። ወጣሁ፣ ዞሬ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። የአዳራሹ ጥበቃ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ መንገድ መሐል ቆመው እጃቸውን ሲያወናጭፉ አይቶ የጠፋባቸው ሰው መስሎት መጣ። ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ ወንበር ወዳለበት ሊወስዳቸው ሲል እኔ መስኮት ከፍቼ «አባቴ ናቸው፣ መርከብ እያለማመዱኝ ነው» አልኩት። ሰውየው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየና ትቶን ሄደ። አባቴ ብያቸው አላውቅም ነበር። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዲሁ አምልጦኝ ወጣ፤ እሳቸውም ሰምተው እንደሆነ አላወቅሁም።

ነገሩ የተበላሸው ዓርብ ነው። ባለቤቴ ሐሳቡ በጉዞው ተወጥሮ ነበር፤ መንገዳችን ላይ ያለው ያ ከፍተኛ ድልድይ፣ ያ አውራ ጎዳና፣ እኔ ደግሞ ጀማሪ። ቁርስ ላይ ነው እንዲህ ያለው፦

«አባባ፣ ነገ እሷ ስትነዳ ብዙ አያዋሯት እሺ? እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ ሲሏት ትደናገጣለች።»

«ይሁን» አሉ። እኔ ወደ ሥራ እየተጣደፍኩ ስለነበር ብዙም ልብ አላልኩም።

ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ጉልበቴ ተነሳብኝ። እናንተ ሂዱ። እኔ ሌላ ጊዜ።»

ልጄ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ ጠጋ ስል ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ አቧራ መሆኑን አየሁ። ቀን ላይ ወርደው ጎማዎቹን ሲያዩ ተንበርክከው ኖሯል። የታመመ ጉልበት አስፋልት ላይ አይንበረከክም።

ልጄን ወደ ክፍሏ ላክኋት። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንዲያ ተቀምጬ አላውቅም።

«አባባ፣ በጠዋቱ ነገር ተቀይመዋል።»

«ኧረ እኔ! ልጄ እውነቱን ነው። አንድ መኪና ሁለት ሹፌር ካለው ገደል ነው የሚገባው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ አላውቅበትም። አፌ ዝም ቢል እግሬ ይናገራል፤ ፍሬን ይፈልጋል።»

እውነት ነው። ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ ቀኝ እግራቸው የመኪናዋን ወለል ሲረግጥ ሁልጊዜ አያለሁ።

«ታዲያ ሹፌር ይሁኑ ማን አለዎት?» አልኳቸው። «ረዳት ይሁኑኝ።»

መጀመሪያ ትኩር ብለው አዩኝ። ረዳት ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎማ የሚያወርድ፣ ድንጋይ የሚደግፍ፣ ከሹፌሩ በኋላ የሚበላ፣ ሲያጠፋ በጥፊ የሚባል ነው። አበዛሁት መሰለኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋቢው ከጉልበታቸው ወደቀ።

«በስተርጅና ረዳት! መሪ ያስያዙኝ አሳዳጊዬ ቢሰሙ!» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ደሞዙስ?»

«ምሳ አበላለሁ።»

«ከሹፌሩ ጋር አንድ ገበታ?»

«አንድ ገበታ።»

«በሶ ልያዝ እንግዲህ» አሉና ብድግ አሉ። ስለ ጉልበቱ ሁለታችንም አላነሳንም።

ቅዳሜ በማለዳ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ወጡ። የኮታቸው ውስጥ ኪስ አብጧል። የዜግነት ወረቀታቸው ነው። «ባሕር ላይ ጠያቂ አይጠፋም» አሉኝ። እንዳይጨነቁ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ነፋሱ መኪናዋን ነካ ነካ ሲያደርጋት እጄ መሪው ላይ ደረቀ፤ እሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቀኝ እጃቸው የመቀመጫውን ጠርዝ ጨምድዶ እንደያዘ ግን በዓይኔ ጥግ አየሁ። ልጄ ከኋላ ሎሚዋን እያሸተተች ታንጎራጉራለች። ከጂሎንግ ወዲያ መንገዱ ለቀቅ ሲል፣ እጃቸውም ለቀቀ።

የጀልባው መግቢያ ላይ ቲኬት ለምትቆርጠው ልጅ ስልኬን ሳሳያት፣ አባባ በእኔ ላይ ተንጠራርተው የዜግነት ወረቀታቸውን በመስኮቱ አቀበሏት። ልጅቷ ተቀብላ በጥሞና አነበበችው። ከዚያ ፊቷ በራና በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«ኮንግራጁሌሽንስ!» አለቻቸው።

«ምን አለች?»

«እንኳን ደስ ያለዎት ነው የምትለው።»

«ይገባታል» አሉ፤ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ተራችን ሲደርስ ጀልባው እንደ ቪዲዮው ፊቱን ከፍቶ ቆሟል። አንድ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰው በእጁ ጠራኝ። የፊት ጎማዎቼ ብረቱን ሲረግጡ ጓ! የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ መኪኖች ተደርድረዋል። ሰውየው መጥራቱን ቀጠለ። እግሬ ከፍሬኑ ላይ አልነሣ አለኝ። ወደ አባባ ዞርኩ። ከንፈራቸውን ገጥመው ወደፊት ያያሉ፤ ቃላቸውን እየጠበቁ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው መስኮታቸውን ከፈቱ፣ ክንዳቸውን ወደ ውጭ አወጡ፣ የመኪናዋን በር በመዳፋቸው ሁለቴ መቱና በሙሉ ድምፃቸው፣

«ሳቢው!» አሉ።

ብርቱካናማው ሰውዬ ደነገጠ። ልጄ ጮኸች። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ ስስቅ እግሬ ተነሣ፤ መኪናዋም ገባች።

ላይኛው ፎቅ ወጥተን የዳሩን የብረት አጥር ተደገፍን። ጀልባው ሲንቀሳቀስ አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ነው። ክራባታቸው በነፋስ ተገልብጦ ትከሻቸው ላይ ወጣ፤ ልጄ ብትመልሰውም ደግሞ ወጣ። የብሱ ርቆ ውኃው በሁሉም በኩል ሲሆን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ዞረው አዩ።

«እንዴት ነው አባባ? አያጥወለውልዎትም?»

«ኧረ የለም። የገረመኝ ዝምታው ነው» አሉ። «ወደብ ላይ መርከብ ማለት ጩኸት ነው፤ ብረት፣ ሰንሰለት፣ የሰው ስድብ። እኔ ባሕር ላይም እንዲያ የሚጮህ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከቆመበት ከተነሣ ዝም ይላል።»

ሶሬንቶ ደርሰን ከመርከቡ ስወጣ አላቆምኩም። በባሕሩ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘን። ዓሣና ድንች ጥብስ ገዛሁ፤ የባሕር ወፎቹ ከበቡን፣ አንዱ ደፋር ከልጄ እጅ ነጥቆ ሄደ። አባባ በሶውን በውኃ አርሰው በእጃቸው ጨብጠው አጎረሷት። አላመጠችና «ኢትስ ላይክ ኩኪ ዶው!» ብላ፣ የብስኩት ሊጥ ይመስላል ማለቷ ነው፣ ደገመች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ዛጎል ልትለቅም ወደ አሸዋው ወረደች። እኔና አባባ ቀረን።

የምንመለስበት ጀልባ ገና ነበር። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነው። ባለቤቴም ቴሌቪዥኑም የሉም፤ ይሄ ዝምታ ሊያስጨንቀኝ ሲገባው አላስጨነቀኝም።

«አንቺ የደሴ ልጅ ነሽ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ አባባ።»

«ያን መንገድ ስንት ዘመን ተመላለስኩበት። ኮምቦልቻ ሻይ፣ ባቲ ምሳ። ወደ ደሴ ግን ከኮምቦልቻ ታጥፌ ስለማልፍ አንድ ቀን ወጥቼ አላውቅም።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር? እስከዛሬ ሳልጠይቅሽ።»

«ልብስ ሰፊ ነበር።»

«ሱሪ ነው ኮት?»

«ያገኘውን። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የበለጠ የሚሰፋው። መስከረም ሲቃረብ ቤታችን ሰማያዊ ጨርቅ ብቻ ይሆናል፤ የምንቀመጥበት እናጣለን።»

ወደ እኔ ዞረው ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እስቲ አጫውቺኝ» አሉ።

ልጄ ውኃው ዳር ጎንበስ ቀና ትላለች። ከየት እንደምጀምር ለአፍታ አሰብኩ፤ ከዚያ ከሱቁ በር፣ አባቴ ጠዋት ማሽኑን ከሚወለውልበት ጀመርኩላቸው።